ስም ያልወጣለት ግድግዳ፦ ከቴሌቪዥን ጀርባ ስላለው የሳሎን ግድግዳና ስለ ቤት ቃላት አሰባሰባችን የቀረበ ሂስ

1. የጉዳዩ መነሻ

በሐርጌሳ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ እንደ ሌሎቹ የከተማዪቱ ሰፈሮች ሁሉ፣ አዲስ በሚሠሩ ቤቶች ውስጥ ብዙ ወጪና ምክክር ከሚጠይቁት ነገሮች አንዱ የእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ነው። አራቱም ግድግዳ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ የሚሰቀልበት ብቻ። ይህ ግድግዳ በጂፕሰም ይቀረጻል፤ በቅርጹ ጠርዝ ውስጥ የተሰወረ መብራት ይዘረጋበታል፤ አንዳንዴም እብነ በረድ በሚመስል ሰሌዳ ይለበጣል። ቀሪዎቹ ሦስት ግድግዳዎች ግን አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተው ዝም ይላሉ። በጅግጅጋ፣ በሐረርና በአዲስ አበባ የሚታየውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህ ግድግዳ በአማርኛ ምን ይባላል? ተናጋሪው «ቲቪው ያለበት ግድግዳ»፣ «የቲቪው ግድግዳ»፣ «ከቲቪው ጀርባ ያለው» እያለ በሐረግ ያመለክተዋል። ባለሙያው ደግሞ ቀድሞ ለዕቃው ብቻ ይውል የነበረውን «ቲቪ ስታንድ» ለጠቅላላው ሥራ ሲያውለው ይሰማል። አንድ ቤተሰብ ገንዘቡንና ኩራቱን የሚያሳርፍበት ቦታ የራሱ ስም የለውም። ይህን ባዶ ቦታ የሚያይ ሰው ሁለት መደምደሚያዎች ይፈጥኑበታል። አንደኛው ቋንቋው ደኽይቷል፣ የአባቶች ቤት ከነቃሉ ፈርሷል የሚለው ነው። ሁለተኛው አዲስ ቃል ይፈጠርለት የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም አይቀበልም። ጉድለቱ ከተናጋሪው ይልቅ በእኛ በሰብሳቢዎቹ ዘንድ እንዳለ ይሞግታል፤ በሦስት ጎረቤት ከተሞችና በሦስት ቋንቋዎች የተደረገው የስም አወጣጥም የቤት ቃላት እንዳልሞቱ፣ ነገር ግን ቦታ እንደ ለወጡ ያሳያል ይላል።

2. በሁለት ምዕራፎች መካከል የወደቀ ነገር

የመስክ ሠራተኛ ቃል ለመሰብሰብ ሲወጣ የሚይዘው መጠይቅ የሚያየውን ነገር ይወስንለታል። ሃስፔልማትና ታድሞር በእ.ኤ.አ. 2009 ያሳተሙት የዓለም ቋንቋዎች የውሰት ቃላት ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥናቱ 41 ቋንቋዎችን የመረመረ ሲሆን ከኢትዮጵያ ጋዋዳን ይዟል። የትርጉም ዝርዝሩም በ24 መስኮች ተከፍሏል። ከእነዚህ አንዱ «ቤት» ነው፤ ግድግዳ የሚገኘው በዚያ ነው። ሌላው «ዘመናዊ ዓለም» ነው፤ ቴሌቪዥን የተመደበው በዚህኛው ነው። አከፋፈሉ ለንጽጽር የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሆኖም ዝርዝሩን በእጁ ይዞ ወደ ሳሎን የገባ ጠያቂ ግድግዳውን በአንድ ገጽ፣ ቴሌቪዥኑን በሌላ ገጽ ይመዘግባል። ሁለቱ የሚገናኙበትን፣ ባለቤቶቹ ቀንና ሌሊት የሚያዩትን ቦታ የሚጠይቅ ተራ ቁጥር የለም።

ከዚሁ ጥናት የምንማረው ሌላም ነገር አለ። በተመረመሩት ቋንቋዎች አማካይ ስሌት ከቤት መስክ ቃላት 37 በመቶ ያህሉ ውሰት ናቸው፤ ከዚህ የሚበልጡት የሃይማኖትና የአልባሳት መስኮች ብቻ ናቸው። እንግዲህ ቤት ከጥንትም የውሰት መግቢያ በር ነው። የሳሎኑ ግድግዳ በውሰት ቃላት መሞላቱን ብቻ አንሥቶ የባህል ሞት ማስረጃ ማድረግ፣ በመላው ዓለም የተለመደውን የእኛ ልዩ ውርደት አስመስሎ ማቅረብ ይሆናል።

ባገራችን የቤት ቃላት ጥናቶች የሚዘወተረው አካሄድ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። ጠያቂው አዛውንት ይፈልጋል፤ ስለ ሣር ቤት፣ ስለ ምሰሶ፣ ስለ ማገር፣ ስለ ወጋግራ ይጠይቃል፤ «ሶፋ»፣ «ኮርኒስ»፣ «ጂፕሰም» ሲባል ብዕሩን ያነሣል። የሚሰጠን ዝርዝር የጸዳ ነው። ነገር ግን ማንም የማይኖርበት ቤት ዝርዝር ነው።

3. ሐረር፦ እያንዳንዱ ቦታ ስም የነበረው ክፍል

ከሦስቱ ከተሞች ግድግዳዋ በስም የበለጸገው ሐረር ናት። ጁገል በእ.ኤ.አ. 2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የቤቶቿ የውስጥ አሠራር ነበር። በሐረሪ ባህላዊ ቤት ዋናው ክፍል ጊድር ጋር፣ ማለትም ትልቁ ቤት፣ ይባላል። ከወለሉ ከፍ ከፍ ብለው የተሠሩት መቀመጫዎች ነደባ ሲባሉ አምስት ስም አላቸው፦ አሚር ነደባ፣ ጊድር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ሱትሪ ነደባ፣ ገብቲ ሐር ነደባ። በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት የዕቃ ማስቀመጫዎች ጣቄት ይባላሉ። ከነደባዎቹ በላይ ያለው ግድግዳ በስፌትና በሳሕን ይሸፈናል።

የአምስቱን ስሞች አመሠራረት ልብ እንበል። አንዱ በሰው ማዕረግ ተሰይሟል፤ አሚር። ሁለቱ በመጠን ተሰይመዋል፤ ትልቁና ትንሹ። ሁለቱ በአቀማመጥ ተሰይመዋል፤ የተሰወረውና ከበሩ ኋላ ያለው። በተሠራበት ነገር ወይም በላዩ በሚቀመጥ ዕቃ የተሰየመ አንድም የለም። ሁሉም ስም የሚነሣው ከሚገባና ከሚቀመጥ ሰው ነው፦ ማን ነው? ከበሩ ምን ያህል ርቋል? ይታያል ወይስ ይከለላል? ይህን የስም ሥርዓት የያዘ ሰው በሩን አልፎ ሲገባ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ይህን ቤት የንጹሕ አገርኛ ቃል ምሽግ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ይሳሳታል። «አሚር» ከዐረብኛ የመጣ ነው። «ሱትሪ» ከዐረብኛው የመሰወርና የመከለል ሥር አይርቅም። የ«ጣቄት»ም ዝምድና ከዐረብኛው «ጣቃ» ጋር የተሰወረ አይደለም፤ ይህም ቃል በግድግዳ ላይ ያለን ጎድጓዳ ወይም ክፍት ቦታ፣ በአንዳንድ የዐረብኛ ዘዬዎችም መስኮትን ያመለክታል። የሐረሪ ግድግዳ ሀብት ሁሉም ቃል ከአንድ ምንጭ መቀዳቱ አይደለም። ሀብቱ የተወሰደውም የተወረሰውም ቃል ለአንድ የአሰያየም ሥርዓት መገዛቱ ነው። የውሰትን ጉዳይ ከሥርዓት ጉዳይ ካልለየን የትናንቱን ጣቄት አመስግነን የዛሬውን ጂፕሰም የምንነቅፍበት ምክንያት አይኖረንም።

4. ሐርጌሳ፦ ከቤት ወጥተው ወደ አደባባይ የሄዱ ቃላት

የሐርጌሳ ታሪክ ሌላ ነው። ከተማዪቱ በእ.ኤ.አ. 1988 በዚያድ ባሬ መንግሥት የአየርና የመድፍ ድብደባ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ። ነዋሪዎቿ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ፤ በጅግጅጋ አቅራቢያ የነበረው የሐርታ ሼክ የስደተኞች ሰፈርም የዚያ ጊዜ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከእ.ኤ.አ. 1991 በኋላ የተመለሱት ቤታቸውን ከመሠረቱ ሠሩ። ስለዚህ አሁን በከተማዪቱ የምናየው ሳሎን አብዛኛውን ጊዜ ከአያት የተወረሰ ግድግዳ የለውም። በሐረር የነደባው ስም ከነነደባው ሲተላለፍ፣ በሐርጌሳ ግን ግድግዳውም ስሙም አንድ ላይ አዲስ መሠራት ነበረባቸው።

ከዚህ ቀደም የነበረው የዘላኑ ቤት አቀል ነው። አቀልን የሚሠሩት፣ የሚተክሉትና የሚያፈርሱት ሴቶች ናቸው። ከልጥ ተፈትሎ የሚሠራው ከበድ የሚባለው ምንጣፍ ከውጭ ሲታይ ልባስ፣ ከውስጥ ሲታይ ጌጥ ነው፤ በአቀል ግድግዳና ጌጥ ሁለት ነገር አልነበሩም። መካከለኛው ቋሚ ኡዱብ ይባላል። የእነዚህ ቃላት ዕጣ ምን ሆነ? በአዲሱ ሳሎን ውስጥ የሉም፤ ከቋንቋው ግን አልወጡም። «አቀል» በሶማሊኛ ፖለቲካ የምክር ቤት መጠሪያ ሆኗል። «ኡዱብ» ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2003 በሶማሊላንድ የፕሬዝዳንት ምርጫ ያሸነፈው ፓርቲ ምኅጻረ ስም ነበር፤ ምኅጻሩ የተመረጠው ቤት የሚያቆመውን ቋሚ እንዲያስታውስ ተደርጎ መሆኑን ለመረዳት ሶማሊኛ መስማት ብቻ ይበቃል። የአቀሉ ምሰሶ ከቤት ወጥቶ ወደ ምርጫ ሣጥን ገባ።

የቀረው የሳሎን ቃል በሁለት መንገድ ተሟላ። ክፍሉ «ቆልካ ፈዲጋ» ተባለ፤ የመቀመጫ ክፍል ማለት ነው። የወለሉ መቀመጫ ፍራሽና መከዳም «ፈዲ ዐርቤድ»፣ የዐረብ አቀማመጥ፣ ይባላል። ሁለቱም ስሞች «ፈዲ» የሚለውን፣ መቀመጥን የሚያመለክት የራሱን የሶማሊኛ ቃል መሠረት አድርገዋል፤ ዕቃው ከባሕር ማዶ ቢመጣም አሰያየሙ ከተቀማጩ ሰው ይነሣል። ቴሌቪዥን ደግሞ «ቴሌፊሺን» ከመባሉ ጎን «ሙቅባሂዬ»፣ መልክ አሠራጭ፣ የሚል የተፈጠረ ቃል አግኝቷል። ቃሉ የተሳካ ነው። ሆኖም ከጀርባው ላለው ግድግዳ የሚተርፍ ነገር አልሰጠም። ቃል ፈጣሪዎች የሚሰይሙት መሣሪያን ነውና። ግድግዳው መሣሪያ አይደለም፤ በመሣሪያውና በተቀማጮቹ መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ ለግንኙነት ደግሞ የሚኮሚቴ ቃል አይወጣለትም።

5. አዲስ አበባ፦ ከቡፌ ወደ ግድግዳ

በአማርኛ የሆነው ከሁለቱም ይለያል፤ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ሳሎን በውሰት ላይ ውሰት የተደራረበበት ነው። «ሳሎን»፣ «ቡፌ»፣ «ዳንቴል»፣ «ኮርኒስ» የአንድ ዘመን ቃላት ናቸው፤ የፈረንሳይኛና የጣልያንኛ ሽታ አላቸው። «ቲቪ ስታንድ»፣ «ጂፕሰም»፣ «ዎል ፔፐር» ከእንግሊዝኛ የመጣው የኋለኛው ዘመን ናቸው። መካከላቸው ደግሞ «ልስን»፣ «ምርጊት»፣ «ቅብ» የሚሉት የነባሩ ግንበኛ ቃላት ጸንተው ይኖራሉ። «ግድግዳ» እራሱ ከ«ገደገደ» ይወጣል፤ እንጨት አቁሞ፣ ደርድሮ የመሥራት ቃል ነው፤ ብሎኬት ሲመጣ ስሙን ሳይለውጥ አዲሱን ሥራ ተቀብሏል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ተቀባዩ መሣሪያ ሣጥን ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. ሥርጭቱ ባለ ቀለም ሲሆንም ሣጥንነቱ አልቀረም። የምስሉ ቱቦ ወደ ኋላ የሚረዝም በመሆኑ መሣሪያው የሚሸከመው ዕቃ ይፈልግ ነበር። ቡፌ ይህን ቦታ ያዘ፦ መካከሉ ለቴሌቪዥኑ፣ ግራና ቀኙ ለብርጭቆና ለሲኒ፣ አናቱ ለምረቃና ለሠርግ ፎቶግራፍ፣ በላዩም ዳንቴል። ጠፍጣፋው ስክሪን ሲመጣ ጥልቀት አላስፈለገም፤ ሣጥኑ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፤ ተሸካሚው ዕቃም ቀጠነ፤ በመጨረሻ ግድግዳው ራሱ የቡፌውን ሥራ ወረሰ። «ቲቪ ስታንድ» የሚለው ስም ከዕቃው ወደ ግድግዳው የተሸጋገረው በዚህ መንገድ ነው። ስሙ የተዘረጋው በስንፍና ሳይሆን ሥራውን ተከትሎ ነው። ይህ ደግሞ አማርኛ ከዚህ በፊትም ያደረገው ነው። «ኮርኒስ» በምንጭ ቋንቋዎቹ የግድግዳንና የጣሪያን መጋጠሚያ የሚያስጌጠውን ጠርዝ ብቻ ሲያመለክት፣ በአማርኛ ግን ከራስ በላይ ያለውን ገጽ በሙሉ ሆኗል። ከፊሉን ጠርዝ የወሰደ ቋንቋ ሙሉውን ገጽ ሠራበት። መዝገበ ቃላት እንዲህ ያለውን ቃል «ከጣልያንኛ» ብሎ ብቻ ካለፈ የአማርኛን ድርሻ ይሰውራል።

የራስ የሆኑት የመቀበያ ክፍል ቃላትስ? እነርሱም፣ እንደ አቀልና እንደ ኡዱብ፣ ወደ አደባባይ ሄደዋል። «መደብ» ከጭቃ ተገንብቶ የሚቀመጡበትና የሚተኙበት የቤት ክፍል ነው፤ ሥሩ «መደበ» ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ሰጠ ማለት። ይህ ቃል ዛሬ በቤት ውስጥ ሥራው ሳስቷል፤ በመንግሥት ቢሮ ግን «የሥራ መደብ» ሆኖ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ይለጠፋል፤ በአብዮቱ ዘመን ደግሞ «የመደብ ትግል» ሆኖ ደም አፍስሷል። «እልፍኝ»ም ከቤተ መንግሥት ማዕረግ ጋር ተጣብቆ «እልፍኝ አስከልካይ» በሚለው ስም ይታወሳል። በሐረር የአሚርነት ማዕረግ ወደ ቤት ገብቶ መቀመጫ ሰየመ፤ በአማርኛና በሶማሊኛ የቤቱ መቀመጫና ምሰሶ ወጥተው መንግሥትንና ማኅበረሰብን ሰየሙ። መንገዱ ተቃራኒ ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው፤ የቤት ቃል ስለ ዕቃ ሳይሆን ስለ ሰው ደረጃ ይናገር ነበር።

አማርኛ ከጥንት ቃላቱ ለቴሌቪዥን ያዋጣው አንድ ነገር አለ። «በቴሌቪዥን መስኮት» የሚለው አነጋገር ከጠፍጣፋው ስክሪን በፊት የኖረ ነው። ገና በቡፌ ላይ የተቀመጠ ሣጥን ሳለ ተናጋሪው መሣሪያውን የግድግዳ ክፍል አድርጎ ቆጥሮታል። በግድግዳ ላይ ያለን ክፍት ቦታ የሚያመለክተውን ጣቄትንና የቴሌቪዥን መስኮትን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ ሁለቱ ቋንቋዎች ስለ አንድ ነገር ማሰባቸውን ያያል፦ ግድግዳ የሚከብረው በተከፈተበት ቦታ ነው። የሳሎን አስጌጪው ዛሬ በጂፕሰም የሚሠራውን ክፈፍ ቋንቋው አስቀድሞ በዘይቤ ሠርቶታል።

6. ምን ጠፋ፣ ምንስ ተገኘ

እስከ አሁን ያልነውን ይዘን ወደ ግድግዳው ዋጋ እንመለስ። የነደባው ሥርዓት ውበቱ ሁሉም ቦታ ስም ያለው መሆኑ ነው። ጭካኔውም እዚያው ነው። ሁሉም ቦታ ስም ካለው፣ ከበሩ ኋላ ያለውም ስም አለው፤ በዚያ የሚቀመጠውም ሰው ደረጃው በአደባባይ ተነግሮበታል። «መደብ» መቀመጫን ከማኅበራዊ ደረጃ ጋር በአንድ ቃል ማሠሩ በአጋጣሚ አይደለም። ለጠፉት የቤት ስሞች የሚያለቅስ ሰው ከስሞቹ ጋር የጠፋውን የማዕረግ ልኬት ጨምሮ እያለቀሰለት መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

የቴሌቪዥኑ ግድግዳ ይህን ልኬት አፍርሷል። መቀመጫው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሯል፤ አባወራውም፣ እንግዳውም፣ ሕፃኑም አንድ ነገር ያያሉ፤ ከበሩ የራቀና የቀረበ መሆን ያለ ስክሪኑ ርቀት ትርጉሙ ሳስቷል። ይህ ግኝት ነው። ጉዳቱ ደግሞ በሩ መረሳቱ ነው። የቀድሞው ክፍል የሚገባውን ሰው ተመልክቶ የተሠራ ነበር፤ የአሁኑ የተሠራው አስቀድሞ ለተቀመጠው ነው። እንግዳ ሲገባ የተቀማጮቹን ጎን ወይም ጀርባ ያገኛል። «ኖር!» ብሎ የመነሣት ወግ በዚህ አቀማመጥ ቢላላ ተጠያቂው የወጣቱ ሥነ ምግባር ብቻ አይሆንም።

አቅጣጫ ሌላም ባላንጣ አለው። በኦርቶዶክሳውያን ቤት ሥዕለ አድኅኖ በምሥራቅ በኩል፣ መጋረጃ ተጋርዶለት ይቀመጣል። በሙስሊሙ ቤት የጸሎት አቅጣጫ ቂብላ ነው፤ ከሐርጌሳ ሲታይ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ቴሌቪዥኑ የትኛውን ግድግዳ ይውሰድ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የገመድና የሶኬት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አቅጣጫዎች ሲፎካከሩ ተናጋሪው የሚጠቀምባቸው ቃላት፣ «ፊት»፣ «ጀርባ»፣ «ላይ»፣ «ወደ ውስጥ»፣ ከምን አንጻር እንደሚለኩ መመርመር ለሥነ ትርጉም ተማሪ የተዘጋጀ መስክ ነው። «ከቲቪው ጀርባ» ስንል ለመሣሪያው ፊትና ጀርባ ሰጥተን ከእርሱ አንጻር ለክተናል፤ በነደባው ሥርዓት ግን «ከበሩ ኋላ» ነበር የሚባለው። የመለኪያው ነጥብ ከበር ወደ ስክሪን ተሸጋግሯል። በሦስቱ ቋንቋዎች የቤት ቃላት ውስጥ የተከሰተው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ የውሰት ቃላት ቁጥር መብዛት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

7. ለሰብሳቢዎች

ከዚህ ሂስ የሚከተሉት ተግባራት ቀላል ናቸው። አንደኛ፣ የቤት ቃላት መጠይቅ የሚኖርበትን ቤት ይጠይቅ፤ ከአዛውንቱ ጎን ጂፕሰም ሠሪው፣ አናጺው፣ ቀለም ቀቢው፣ ከሁሉም በላይ ሥራውን አዝዛ የምትቆጣጠረው የቤት እመቤት ይጠየቁ። አቀልን የሠራችው ሴት የቃሉም ባለቤት እንደ ነበረች ሁሉ፣ ዛሬም «እንዲህ አድርግልኝ» የምትለው እርሷ ቃሉን ትይዛለች። ሁለተኛ፣ አንድ ቃል ብቻ ሳይሆን ሐረግም ይመዝገብ፤ «ቲቪው ያለበት ግድግዳ» የሚለው ባለ ዘርፍ አገላለጽ የስም እጦት ምልክት ተብሎ ከተጣለ፣ ስም ሲወለድ የሚያልፍበት ደረጃ ሳይመዘገብ ያልፋል። ሦስተኛ፣ የውሰት ቃል ምንጩ ብቻ ሳይሆን ከገባ በኋላ ያደረገው ጉዞ ይጻፍ፤ የኮርኒስ ታሪክ በአዲስ አበባ እንጂ በሮም አልተፈጸመም። አራተኛ፣ ከቤት ወጥተው ወደ ቢሮና ወደ ምክር ቤት የሄዱት ቃላት በቤት ምዕራፍ ውስጥ «የጠፉ» ተብለው አይፈረጁ።

ስም ባልወጣለት ግድግዳ ላይ ማዕረግ ጨርሶ ጠፍቷል ማለትም አይቻልም። ነደባው ቢቀርም ሪሞቱን የሚይዝ ሰው አለ፤ ማን እንደሚይዘው፣ እንግዳ ሲመጣ ለማን እንደሚሰጥ፣ ማን ሳይጠየቅ ድምፅ እንደሚቀንስ በየቤቱ የታወቀ ነው። ልዩነቱ የአሚሩ መቀመጫ በጭቃና በኖራ የጸና ሲሆን ይህኛው ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው። ለዚህ ሥርዓት ተናጋሪዎቹ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ከመጠይቃችን ውጭ እስከ ተውናቸው ድረስ፣ ስለ ጥንቱ ቤት ብዙ የምናውቅ፣ ስለምንኖርበት ግን የምንጠይቅበት ቃል ያጣን ባለሙያዎች ሆነን እንቀራለን።